አንድ ክኒን፣ ሁለት ቫይረስ

በድሬዳዋ ከተማ ለምታገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፦

ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለባቸው ምእመናን አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢም ይኖርባቸዋል፤ ሁለቱም በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉና።

በአገራችን በብዛት በሚሰጠው የፀረ ኤች አይ ቪ ክኒን ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ሁለቱንም ቫይረሶች ይገታሉ። ስለዚህ ጸበል የገባ ምእመን ክኒኑን ቢያቋርጥ፣ ተገትቶ የነበረው ሄፓታይተስም አብሮ ይነሣል፤ ጉበቱ በድንገት ተጎድቶ ለሞት ሊዳርገው ይችላል።

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረዋል። እኛም ይህንኑ እናስተምር። የንስሐ አባቶች ምስጢራቸውን ጠብቀው፣ በድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያቸው ስለ ሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንዲጠይቁ ይምከሯቸው። የትዳር ጓደኛና ልጆችም ይመርመሩ፤ ነጻ የሆኑት ስለ ክትባቱ ይጠይቁ።