ስለ ነጻ የሥዕል ፕሮግራሞች

ለሥዕል ፕሮግራም የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ተማሪ፤ የተሰረቀ ቅጂ ከሚሻ ይልቅ ጊምፕንና ኢንክስኬፕን ቢማር ይበጀዋል። ነጻ መባላቸውም ዋጋ ስለማይከፈልባቸው ብቻ አይደለም፤ አሠራራቸውን መርምሮ ማሻሻልም የተፈቀደ ነው። ጊምፕን በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩት በአሜሪካ፤ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ፎቶግራፍ ለማረም የተመቸ ነው። ዓርማ ግን በኢንክስኬፕ ይሣል፤ መስመሩን በሒሳብ ስለሚይዘው፤ ለደብተር ሽፋን የተሠራው ለግድግዳ ቢሰፋም አይደበዝዝም። የአማርኛ ጽሕፈት ያለበት ሥራ ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ ጥንቃቄ ይሻል፤ በዚያ ያለው ኮምፒዩተር የመረጥነውን የፊደል ዓይነት ካላገኘ ቅርጹን ይለውጠዋል፤ አለዚያም ባዶ ሣጥን ያደርገዋል። ስለዚህ ጽሕፈቱን አስቀድሞ ወደ ሥዕል መስመር መለወጥ ነው። ከተለወጠ በኋላ ግን የፊደል ግድፈት እንደ ጽሑፍ ስለማይታረም፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።