በክረምት ወራት የሶፍትዌር ፍተሻ ምርምር ስለ መጀመር

የክረምቱን ዕረፍት በሶፍትዌር ፍተሻ ምርምር ለማሳለፍ የተመረጠ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፥ የመጀመሪያ ተግባሩ አዲስ ግኝት ማስገኘት ሳይሆን፥ ሌሎች መርምረው የደረሱበትን በገዛ እጁ ሠርቶ ማየት መሆኑን ነው። የቅኔ ተማሪ የራሱን ከመዝረፉ በፊት የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ሰሙንና ወርቁን እንደሚመረምር ሁሉ፥ የምርምር ጀማሪም የታወቀውን ስሕተት ጠንቅቆ ሳያይ ያልታወቀውን ለማደን ቢነሣ፥ ያገኘው ነገር የፕሮግራሙ ጉድለት ይሁን የራሱ ኮምፒዩተር ጠባይ የሚለይበት ሚዛን አይኖረውም።

በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ወጪውን በሚሸፍንለት የቅድመ ምረቃ ምርምር ፕሮግራም የሚገቡ ተማሪዎች (ዕድሉ ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው የተወሰነ ስለ ሆነ፥ በዚያ ለሚያድጉት ልጆቻችን ክፍት ነው) አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው ዐሥር ሳምንት ያህል ነው። በአገር ቤት ከመምህሩ ጋር የሚሠራውም መሣሪያዎቹ በነጻ ስለሚገኙ በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ዲፌክትስ ፎር ጄ የተባለውን የስሕተቶች ስብስብ በኮምፒዩተሩ ላይ ይጫን። ይህ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ከ5 የጃቫ ፕሮግራሞች የተገኙ 357 እውነተኛ ስሕተቶችን የያዘ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱም የተሳሳተውንና የታረመውን ኮድ ጎን ለጎን ያቀርባል። የጃቫው ስሪት ስብስቡ የሚጠይቀው ራሱ ይሁን፤ አዲሱ ስሪት አዲስ በመሆኑ ብቻ አይመረጥም። ቀጥሎ ኮመንስ ላንግ ከተባለው ፕሮግራም ቁጥር 1 የሆነውን ስሕተት ያውጣና ፍተሻውን በሁለቱም ኮዶች ላይ ያስኪድ፤ በተሳሳተው ሲወድቅ፥ በታረመው ሲያልፍ በዓይኑ ይይ።

ነገር ግን በማየት ብቻ አይብቃው፤ ምክንያቱንም ይመርምር። በሄክሳዴሲማል የተጻፈ ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር የመጀመሪያ አሃዙ ከ7 ሲበልጥ በ32 ቢት ኢንቲጀር ውስጥ የማይያዝ ሆኖ ሳለ፥ የተሳሳተው ኮድ የአሃዞቹን ብዛት ብቻ ቆጥሮ ኢንቲጀር ሊያደርገው ይሞክርና ይወድቃል፤ የታረመው ግን የመጀመሪያውን አሃዝ መጠን ጭምር አይቶ ሎንግ ወደተባለው ሰፊ ዓይነት ይመራዋል። ይህን በራሱ አንደበት ለጓደኛው ማስረዳት የቻለ ተማሪ፥ በእኔ አስተያየት፥ ሃያ የምርምር ጽሑፎችን ከገለባበጠው ይልቅ ወደ ሥራው ገብቷል።

ከዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ዲፌክትስ ፎር ጄ ፍተሻዎቹን የሚያስኬደው በሎስ አንጀለስ የሰዓት ቀጠና ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በክረምት ወራት ከዚያች ከተማ በ10 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህም ተማሪው ከስብስቡ ትእዛዞች ውጭ በራሱ መንገድ ፍተሻውን ቢያስኬድና የሰዓት ቀጠናውን ባያስተካክል፥ ይልቁንም ጆዳ ታይም በተባለው የቀንና የሰዓት ፕሮግራም ላይ፥ ኮዱ ሳይነካ ውጤቱ ሊለወጥበት ይችላል። ስለዚህ የጃቫውን ስሪት፥ የሰዓት ቀጠናውን፥ የሰጠውን ትእዛዝ ቃል በቃልና የወጣውን መልስ ሳያሳጥር በየዕለቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከሳምንት በኋላ በትዝታ የሚጻፍ መዝገብ ለምርምር ምስክር ሊሆን አይችልም።

አንድ ፍተሻ ኮዱ ሳይለወጥ አንድ ጊዜ አልፎ ሌላ ጊዜ ቢወድቅ ተማሪው አይደንግጥ፥ ችላም አይበለው፤ ደጋግሞ ያስኪደው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ለዚህ ወላዋይነት ዋና ምክንያቶች አድርጎ ያገኛቸው፥ መልስ ሳይደርስ በበቂ አለመጠበቅ፥ በአንድ ጊዜ የሚሄዱ ሥራዎች መጋጨትና የፍተሻዎች ቅደም ተከተል ናቸው፤ ምርመራውን ከእነዚህ ከሦስቱ ይጀምር።

የምርምሩ ጥያቄ ጠባብ ይሁን። በዚያው ዓመት በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፥ የፍተሻዎቹ ብዛት እኩል ሲደረግ፥ ፍተሻ የነካው የኮድ ሽፋን ስፋት ስሕተትን ከመያዝ ችሎታ ጋር ያለው ዝምድና የታሰበውን ያህል እንዳልሆነ አሳይቷልና፥ ይህንኑ በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ላይ መሞከር ለአንድ ክረምት ይበቃል።

በየሳምንቱ ወደ መምህሩ ሲገባም የወደቀውን ፍተሻና መዝገቡን ይዞ ይግባ፤ እርሳቸው ሊረዱት የሚችሉት የተቸገረበትን ሲያሳያቸው ነው። ያሰበው ሳይሆን ቢቀርም ሳይሸፍን ይንገራቸው፤ በትክክል የተመዘገበ አሉታዊ ውጤትም ውጤት ነው።

ክረምቱ ከማለቁ ሁለት ሳምንት አስቀድመህ፥ ተማሪ ሆይ፥ ኮድህንና መዝገብህን ለሌላ ተማሪ ስጥ፥ በራሱም ኮምፒዩተር ላይ ያስኪደው፤ አንተን ሳይጠይቅ ያንኑ ውጤት ካላገኘ ሥራህ ገና አላለቀምና፥ መዝገብህን አርመህ እንደ ገና ስጠው።