ሞተር ከማውረድዎ በፊት፦ ያረጀ ፒክአፕ ውስጡ መጎዳቱን ደረጃ በደረጃ ማወቂያ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የማና ወረዳ ከተማ፣ በየቡ፣ ቡናው መቅላት ከጀመረ ፒክአፕ እረፍት የለውም። ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ተከምሮ ካደረ መቡካት ይጀምራል፣ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል። ይህን ጭነት ከሚያመላልሱት መኪኖች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሃይሉክስና አይሱዙ ናቸው። በሌላ መተካቱ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እጅ ላይ ያለውን መኪና በሕይወት ማቆየት ለባለቤቱ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሞተሩ አንድ ያልተለመደ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል "ይውረድ" የሚል ነው። በአንድ የተበላሸ ኖዝል ሰበብ ደህና ሞተር ይበተናል። ሌላው ደግሞ ብሮንዙ ያለቀ ሞተር ይዞ "ትንሽ ድምፅ ናት" እያለ ኮሎው (ክራንክ ሻፍቱ) እስኪበላ ይነዳል። ሁለቱም ቤት ያፈርሳሉ። ሞተር መውረድ ያለበት ማስረጃው ሲሟላ ብቻ ነው፤ ማስረጃውን መሰብሰብ ደግሞ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሃይሉክስ ላይ ለሚገኙት ለቶዮታ 2ኤል እና 3ኤል ናፍጣ ሞተሮች ናቸው። አሠራሩ ለአይሱዙም ይሆናል፤ ቁጥሩን ግን ከራሱ የጥገና መጽሐፍ ይውሰዱ።

አንደኛ ደረጃ፦ ሹፌሩን ይጠይቁ

ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት መኪናውን በየቀኑ የሚነዳውን ሰው ቁጭ አድርገው ያነጋግሩ። ሙቀቱ ቀይ ላይ ደርሶ ያውቃል? ውሃ በስንት ቀን ይጨመራል? ዘይትስ? ድምፁ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንድ ዳገት ላይ ድንገት? ሹፌሩ ዕዳው በእሱ ላይ እንዳይመጣ ከፈራ እውነቱን አይነግርዎትም፤ ስለዚህ በለዘብታ ይጠይቁት።

የጥርስ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረም ይጠይቁ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። መኪናው እየሄደ ድንገት ጠፍቶ ከቆመና ሲነሳ ሞተሪኖው ከወትሮው ቀልሎት በፍጥነት የሚያዞር ከሆነ፣ ቁልፉን ደግመው አያዙሩ። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በተበጠሰ ቺንጋ ሞተር ማዞር ቫልቭና ፒስተን ያጋጫል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ

መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። በሙቅ ሞተር ላይ ይህን ክዳን የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፏል? ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከነጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል፤ ሞተሩን አያስነሡት። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና የዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ነጭ አረፋ ይይዛል። ያ እርጥበት ነው። ክዳኑን አይመኑ፤ ዘንጉን ይመኑ።

የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ብሮንዝ ይጨርሳል። ምንጩ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ኖዝሎቹን ይፈትሹ።

ዘይት የመቀየሪያው ጊዜ ከደረሰ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው። አሮጌውን ዘይት ንጹሕ ሳፋ ላይ ያፍስሱና በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱት። ማግኔት ይንከሩበት፤ ማግኔቱ የያዘው ብናኝ ብረት ነው፤ ጥቂት ግራጫ ልም የተለመደ ሲሆን ስንጥር መሰል ቁራጭ ግን አደጋ ነው። ማግኔቱ የማይስበው የሚያብረቀርቅ ነገር ከብሮንዝ ወይም ከፒስተን የመጣ ነው። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉት፤ ሳፋው የደበቀውን ፊልትሮው ያወጣዋል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ማስነሣትና ጭሱን ማየት

አልነሣ ካለ ወዲያው "ኮምፕሬሽን የለውም" አይበሉ። ባትሪውን፣ ካንዴሌታዎቹን፣ የናፍጣ ፊልትሮውን አስቀድመው ያጣሩ።

ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የውስጥ ጉዳት ምልክት አይደለም፤ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ያራግፉ። እግረ መንገድዎን ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ውስጡን በጣትዎ ይጥረጉ። ጣትዎ ላይ አቧራ ካገኙ ሞተሩ የኅዳርንና የታኅሣሥን የገጠር መንገድ አቧራ ሲበላ ከርሟል። ፋሻና ካሚቻ እንደዚያ አቧራ የሚጨርሳቸው ነገር የለም።

ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሣ ትንሽ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒዎች አርጅተዋል፤ ብዙ አያስጨንቅም። ከሞቀም በኋላ ዳገት ላይ የሚብስ ከሆነ ፋሻ ይጠርጥሩ። ነጭ ጭስ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ያልነደደ ናፍጣ ነው። ናፍጣ የማይሸት፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይቆም፣ ከውሃ መጉደል ጋር የሚመጣው ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላቱን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ይጠቁማል። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ያስነሡና በመጀመሪያው ደቂቃ የራዲያተሩን የላይኛ ጎማ ይጨብጡ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ጎማው ከደደረ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው።

ስለ ሙቀት ካነሣን፣ ጅማና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ደህና ሞተርም ይፈላል። ቴስታታ ከማውረድ በፊት ክዳን ይለውጡ።

አራተኛ ደረጃ፦ የዘይት መሙያው ትንፋሽ

ሞተሩን በደንብ ካሞቁት በኋላ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ፈተው ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ያረጀ ናፍጣ ሞተር ሁሉ ጥቂት ይተነፍሳል፤ ክዳኑ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አያስደነግጥም። ክዳኑን የሚያሽቀነጥር፣ ጭስ የተቀላቀለበት ትንፋሽ ከሆነ ግን ግፊቱ በፋሻዎቹ በኩል እያመለጠ ነው። ያም ሆኖ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ስድስተኛው ደረጃ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ድምፁን ከየት እንደሆነ መለየት

ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚበተነው እዚህ ላይ በሚፈጠር ስሕተት ስለሆነ ረጋ ብለው ይሥሩ። ረጅም ካቻቪቴ ይውሰዱ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዎ አጠገብ ያድርጉ። ከማራገቢያውና ከቺንጋዎቹ ይራቁ፤ ነጠላም ሆነ ሻርፕ አንገትዎ ላይ አይኑር። ቴስታታው ላይ፣ ብሎኩ ጎን፣ ኮፓው ላይ፣ ከዚያም ውሃ ፖምፓውና ዲናሞው ላይ በየተራ ያዳምጡ። ከዲናሞ ኩሽኔታ የሚመጣ ጩኸት ሞተር ውስጥ ያለ እስኪመስል ድረስ ያታልላል። ካጠራጠረዎት ሞተሩን አጥፍተው የውጭ ቺንጋዎቹን ያውልቁ፣ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ያስነሡት። ድምፁ ከጠፋ ሞተሩ ነጻ ነው።

ላይኛው ክፍል ላይ ቀጭን፣ ፈጣን ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ የቫልቭ ክፍተት ነው፤ ማስተካከል ይበቃዋል። ሲቀዘቅዝ የሚጮህ፣ ሲሞቅ የሚለሳለስ የፒስተን መላላት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ሊያገለግል ይችላል። ከታች በኩል የሚመጣ፣ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን የሚብስ፣ ጭነት ሲያርፍበት የሚያይል ድፍን ምት ግን የብሮንዝ ነው።

አሁን የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እንለይ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ የአንዱን ኖዝል ቧንቧ ብሎን በጨርቅ ሸፍነው በቁልፍ ሩብ ዙር ያላሉ። መነጽር ያድርጉ። ጣትዎን ወደሚረጨው ናፍጣ በጭራሽ አያስጠጉ፤ ከፖምፓ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ የገባበት ሰውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ሲሊንደሩ ሲጠፋ ሞተሩ መንገዳገድ አለበት። ካልተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። ድምፁ ጭራሽ ከጠፋ ኖዝሉን ይጠርጥሩ፤ ከደህናው ሲሊንደር ኖዝል ጋር አቀያይረው ያስነሡ፣ ድምፁ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ የሚጠገነው ኖዝል ብቻ ነው። ድምፁ ቀነሰ እንጂ ካልጠፋ የዚያ ሲሊንደር ቢየላ ብሮንዝ ነው። በየትኛውም ሲሊንደር ካልተለወጠ የኮሎው ዋና ብሮንዝ ወይም ከሞተር ውጭ ያለ ነገር ነው።

የብሮንዙን ጥርጣሬ በዘይት ግፊት ያረጋግጡ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መብራት አይመኑ። የግፊት አምፖሉን ፈተው በቦታው የእጅ መለኪያ ይግጠሙ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 ኪሎ በካሬ ሳንቲ ሜትር ማሳየት አለበት። ድፍኑ ምትና ዝቅተኛው ግፊት አብረው ከመጡ ጉዳዩ አልቋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ኮምፕሬሽን መለካት

የናፍጣ መለኪያ ያስፈልጋል፤ የቤንዚኑ አይችለውም። ሞተሩን ያሙቁ፣ አራቱንም ካንዴሌታ ያውጡ፣ ናፍጣ የሚዘጋውን ሽቦ ከፖምፓው ይንቀሉ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። መለኪያውን በካንዴሌታው ቀዳዳ አስረው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ጊዜ በሞተሪኖ ያዙሩ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ።

የቶዮታው የጥገና መጽሐፍ ደህናውን 32፣ ዝቅተኛውን 20 ኪሎ በካሬ ሳንቲ ሜትር ይላል፤ በሲሊንደሮች መካከል ከ5 በላይ ልዩነት እንዳይኖርም ያዛል። ይህን ቁጥር እንዳለ ይዞ መፍረድ በእኛ አካባቢ ትልቅ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የባሕር ዳርቻ አየር ቁጥር ነው። በጅማ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ 32 የነበረው እዚህ ወደ 26፣ 20 የነበረው ወደ 16 ይወርዳል። የቡ ላይ 24 ያነበበ ሞተር ደካማ አይደለም። "መጽሐፉ 32 ይላል" ተብሎ ቢወርድ ግን ባለቤቱ በከንቱ ተዘረፈ።

ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ። 26፣ 25፣ 14፣ 26 ካነበቡ ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው። 25፣ 13፣ 13፣ 26 ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ጎረቤታሞች አብረው የወረዱት በመካከላቸው ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ያረጀ ፋሻ ነው፤ ወይም ሞተሪኖው ደክሞ በዝግታ እያዞረ ነው።

በዝቅተኛው ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ጨምሮ ደግሞ መለካት የቆየ ልማድ ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከሻይ ማንኪያ በላይ ዘይት ቁጥሩን ያዛባል፣ ቢየላም ሊያጣምም ይችላል። ከዚያ የተሻለው መንገድ ጎሚስታው ጋ ነው። ፒስተኑን በመጨመቂያው ምት ላይኛው ጫፍ ላይ ያቁሙ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ እጅ ከማራገቢያው ይራቅ። ከኮምፕሬሰሩ አየር በካንዴሌታው ቀዳዳ ይንፉ። አየሩ በማርሚታ ከወጣ ማስወጫ ቫልቭ፣ በአየር ፊልትሮው በኩል ከወጣ ማስገቢያ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ ወይም ፒስተን ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተነሣ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የት ድረስ ይከፈት?

ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ከሆነ ቴስታታው ብቻ ይወርዳል፤ ታችኛው ክፍል አይነካ። ቴስታታው ሲወጣ ሬቲፊካ ቤት ሄዶ መሰንጠቁና መጣመሙ ይፈተሽ፤ ሳያስፈትሹ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ሥራውን መድገም ነው። ፋሻ ወይም ፒስተን ከሆነ ሞተሩ ይከፈታል፤ ካሚቻውም ይለካ።

ብሮንዝ ከሆነ ሞተሩን ከማውረድ በፊት ኮፓው ወርዶ የተጠረጠረው ቢየላ ክዳን ይፈታ። ብሮንዙ ከተላጠ የኮሎውን ክብ በጥፍርዎ ይጫሩ። ጥፍር የማይዝ ለስላሳ ከሆነና ልኬቱ ካልተለወጠ በብሮንዝ ብቻ ሊድን ይችላል። ጥፍር ከያዘ ኮሎው ተሞርዶ ትርፍ ብሮንዝ ይገጠምለታል።

ይህን ሁሉ በሐምሌና በነሐሴ፣ መኪናው ሥራ ሲፈታ ያድርጉት። ከታች ድፍን ምት የሰሙበትን መኪና ግን ባዶውንም ቢሆን ጅማ ድረስ እየነዱ አይውሰዱት። ይጎተት፤ የመጎተቻው ዋጋ ከኮሎ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።