ቱቦ ቀብሮ የዓሣ ገንዳን ማሞቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የዓሣ ገንዳዬ ማሞቂያ መብራት እየቆጠረ አስቸገረኝ። ግቢ ውስጥ ቱቦ ቀብሬ በመሬት ሙቀት ባሞቀውስ?

መልስ፦ አይሆንልዎትም። ጥቂት ሜትር ወረድ ብሎ ያለው አፈር የሚይዘው የአካባቢውን ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። ጉፒን የመሰሉ ዓሦች ደግሞ 25 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቱቦው ሙቀት ሊያመጣ ቀርቶ ያለውንም ይወስድብዎታል። (ቤትዎ ፍልውሃ ምንጭ ላይ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው!) ዘዴው የሚያዋጣው ቆላ አገር፣ የጋለ ውኃ ለማቀዝቀዝ ነው፤ ያኔም ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን፣ መዳብ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል።

እርስዎ ይልቅ ገንዳውን ይክደኑ፤ ብዙ ሙቀት በትነት ያመልጣል። ጀርባውንና ጎኖቹን በፎም ይሸፍኑ። መብራት ሲጠፋም ውኃው ቶሎ አይቀዘቅዝም።