ያልተጠየቀ ሐዘን፦ ከሱላና ከኔል ታሪክ የምንማረው

በሕፃናት ማሳደጊያ፣ በትምህርት ቤትና በስደተኞች መጠለያ የሚያገለግሉ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግመው ያያሉ። ትናንት ከአንድ መሶብ ይበሉ የነበሩ ሁለት ልጆች ዛሬ ዓይንና ናጫ ሆነው ይገኛሉ። እኛ አዋቂዎችም ‹‹ጥፋተኛዋ ማን ናት?›› ለማለት እንፈጥናለን። ከዚህ ግን ሌላ ጥያቄ ሊቀድም ይገባል፤ ይኸውም ‹‹ልጆቹ ከመጣላታቸው በፊት አብረው ያዩት ምንድን ነው?›› የሚለው ነው። ይህን ለመመርመር በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ ልቦለድ እንደ መማሪያ እንወስዳለን።

የታሪኩ መነሻ

‹‹ሱላ›› እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን የተቀበለችው አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ልቦለድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በኦሃዮ ግዛት፣ ሜዳልየን በተባለች ምናባዊ ከተማ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ኮረብታማ ሰፈር ነው። ኔል ራይት ሥርዓት በጠበቀ ቤት፣ ሱላ ፒስ ደግሞ ሰው በሚበዛበትና ልቅ በሆነ ቤት አደጉ። አንዷ የጎደላትን በሌላዪቱ ታገኝ ስለ ነበር ሁለቱ አይነጣጠሉም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1922፣ ሁለቱም የ12 ዓመት ልጆች ሳሉ፣ ሱላ እናቷ ሐና ከጓደኞቿ ጋር ስትጨዋወት ሰማች። እናቲቱ ልጇን እንደምትወዳት፣ ነገር ግን ደስ እንደማትላት ትናገር ነበር። በዚያው ዕለት ሱላ ከኔል ጋር ወደ ወንዝ ወረደች። በዚያም ቺክን ሊትል የተባለውን ትንሽ ልጅ እጆቹን ይዛ እያሽከረከረች ስታጫውተው ከእጇ አምልጦ ወንዙ ውስጥ ወደቀ፤ ሰጥሞም ሞተ። ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። በቀብሩ ዕለት ሱላ አለቀሰች፤ ኔል ግን ደርቃ ቆመች።

በተከታዩ ዓመት ሐና ግቢ ውስጥ ልብሷ በእሳት ተያይዞ ሞተች። አያቲቱ ኢቫ ልጇን ለማዳን ከፎቅ መስኮት ዘለለች፤ ሱላ ግን በረንዳ ላይ ቆማ ትመለከት ነበር። ኢቫ ይህን አይታ በልቧ ያዘችው። ልጅቷን ቀርቦ ‹‹ምን ተሰማሽ?›› ያላት ሰው ግን በልቦለዱ ውስጥ አናገኝም።

ጥሉ

ኔል እ.ኤ.አ. በ1927 ጁድ ግሪን የተባለውን ሰው አገባች፤ ሱላም ሰፈሩን ለቅቃ ሄደች። ከ10 ዓመት በኋላ ተመልሳ ከባልንጀራዋ ባል ጋር ዝሙት ፈጸመች። ጁድ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ ኔልም ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ቀረች። የሰፈሩ ሰው ሱላን የክፉ ነገር ሁሉ ምንጭ አድርጎ ይመለከታት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1940 ሱላ በጽኑ ስትታመም ኔል ልትጠይቃት ሄደች፤ ነገር ግን ሳይታረቁ ተለያዩ፤ ሱላም ሞተች።

እ.ኤ.አ. በ1965 ኔል በአረጋውያን መኖሪያ የምትገኘውን ኢቫን ጎበኘች። ኢቫ ስለ ሰጠመው ልጅ አንሥታ ወቀሰቻት። ኔል ያደረገችው ሱላ ናት ብትልም፣ ኢቫ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላየችም፤ ኔልም ቆማ ተመልክታለችና። ያን ጊዜ ኔል ለ43 ዓመት የሸሸችውን ነገር አስታወሰች፤ ልጁ ሲሰጥም ልቧ ረግቶ ነበር፤ እንዲያውም እንግዳ የሆነ ደስታ ተሰምቷት ነበር። ከዚያም በመቃብሩ ስፍራ አጠገብ ስታልፍ፣ እስከዚያ ቀን የናፈቀችው ባሏን ሳይሆን ሱላን እንደ ነበር ተረዳች።

ከታሪኩ የምንረዳው

በኔል ላይ የደረሰው በደል እውነተኛ ነው፤ የሱላ የልጅነት ቁስልም ትዳር ማፍረስን ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን አንዷን ‹‹ደጊቱ››፣ ሌላዪቱን ‹‹ክፉይቱ›› ብሎ መክፈል ለሁለቱም አልጠቀመም። ኔል ጸጥታዋ እንደ ጨዋነት ስለ ተቈጠረላት የራሷን ቁስል አላየችም፤ ሱላም በክፉ ስም ተሸፍና የሚያጽናናት አላገኘችም።

ልጅ የሚሸሽገው ያየውን ብቻ አይደለም፤ ሲያይ የተሰማውንም ጭምር ነው። በአስፈሪ ሰዓት መደንዘዝ፣ ሳቅ መምጣት ወይም ምንም አለመሰማት በልጆች ላይ ይደርሳል። ልጁ ግን ‹‹እኔ ክፉ ነኝ›› ብሎ ይተረጕመዋል፤ ምስጢሩን የሚያውቀውን ባልንጀራውንም መሸሽ ወይም መጥላት ይጀምራል። ‹‹በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም›› የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ምን እናድርግ?

• ሞትን ወይም አደጋን ያዩ ልጆችን እያንዳንዳቸውን ለብቻ፣ በእርጋታና ያለ ምርመራ መንፈስ እናነጋግር። መናገር ያልፈለገውን አናስገድድ፤ በሌላ ቀን ተመልሰን እንጠይቅ።

• የሚያለቅሰውን ብቻ ሳይሆን ጸጥ ያለውንም እናስብ። ቅዠት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ አደጋውን በጨዋታ መደጋገም፣ ቍጡነትና ከሰው መራቅ ምልክቶች ናቸው። ሳምንታት አልፈው ካልቀነሱ ወደ ጤና ባለሙያ እንውሰዳቸው።

• ‹‹የሆነው በአንተ ጥፋት አይደለም›› የሚለው ቃል ተገቢ ሲሆን ደጋግመን እንናገረው። ልጁ በእርግጥ እጁ ያለበት ከሆነም፣ ሳያስበው የደረሰውን ሆን ተብሎ ከተደረገው እንዲለይ እናግዘው።

• ልጅ በሚሰማበት ስለ እርሱ የምንናገረውን እንጠንቀቅ።

• የተጣሉትን ‹‹ይቅር ተባባሉ›› ብለን ከማጣደፋችን በፊት፣ አብረው የተሸከሙት ነገር እንዳለ እንጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀብሩ ዕለት ከአዋቂዎቹ አንዱ ብትሆኑ፣ ደርቃ ለቆመችው ለኔል ምን ትሏት ነበር?

2. በአካባቢያችሁ ‹‹ክፉ›› የሚል ስም የወጣለት ልጅ አለን? ስሙ ከወጣለት በፊት ምን ደርሶበት ነበር?

3. በሥራችሁ ውስጥ ጸጥተኛውን ልጅ የሚጠይቀው ማን ነው?