የሚያፈስ እንስራ፦ እግዚአብሔር የወደቁትን አንሥቶ ለአገልግሎት ስለ መጥራቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወር በገባ በ19 ቀን ወደ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ምእመን ያያል። አንዱ ቅጽሩን አልፎ ይገባል፤ ሌላው በደጁ ቆሞ፣ መቃኑን ስሞ፣ ጸሎቱን ከውጭ አድርሶ ይመለሳል። ከውጭ የሚቀረው ሁሉ የቸኮለ አይደለም፤ «እኔ እንዲህ ሆኜ እንዴት እገባለሁ?» የሚል ኅሊና ያስቆመውም አለ። እንዲህ ያለው ትሕትና አይነቀፍም። ነገር ግን ያ ሰው ንስሐ ገብቶ፣ ሊማርና ሊያገለግል ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ ምን ብለን እንቀበለዋለን? የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሚመሰክሩት

መጽሐፍ ቅዱስ የአገልጋዮቹን ውድቀት አይሸፍንም። ንጉሥ ዳዊት በኦርዮ ላይ የፈጸመው ግፍ ተጽፎልናል (2ኛ ሳሙ. 11–12)። ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ በደሉን አመነ፤ የንስሐው ጸሎት በመዝሙረ ዳዊታችን 50ኛው መዝሙር ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ የኃጥኣን ሁሉ አፍ ሆኗል። የአብነት ተማሪው ዳዊት የሚደግመው በወደቀና በተነሣ ሰው አንደበት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ተጠይቆ፣ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ተሰጠው (ዮሐ. 21፥15–17)።

የቅዱስ ጳውሎስ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለኮሚቴ ሰዎች የተለየ ትምህርት አለው። ጌታ በደማስቆ መንገድ ከጠራው በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ቢመጣ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት፤ ማመኑንም ተጠራጠሩ። በርናባስ ግን ወስዶ ወደ ሐዋርያት አቀረበው፤ የሆነውንም ተረከላቸው (ሐዋ. 9፥26–27)። እግዚአብሔር የጠራውን ሰው ወደ ማኅበሩ የሚያስገባ ሰው አስፈለገ። ጥሪው የእግዚአብሔር ነው፤ በሩን መክፈት ግን የእኛ ድርሻ ሆኖ ተተወልን።

አባ ሙሴ ጸሊም

በሰኔ 24 ቀን የምናስበው፣ መጻሕፍት ኢትዮጵያዊ ብለው የሚጠሩት አባ ሙሴ ጸሊም፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረ የወንበዴዎች አለቃ ነበር። ጉልበቱ ያስፈራ፣ ስሙም ያሸብር ነበር። በኋላ ወደ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ በመነኰሰ ጊዜ የቀድሞ ልማዱ በአንድ ቀን አልለቀቀውም። ከፈተናው ጋር እየታገለ ደጋግሞ ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ ይሄድ ነበር፤ መምህሩም እያጽናና ወደ በዓቱ ይመልሰው ነበር። ውኃው ሩቅ ስለ ነበረ ሙሴ በሌሊት እየተነሣ የአረጋውያኑን እንስራ ይሞላላቸው ነበር። ለዘረፋ የዋለው ጉልበት ለደካሞች ውኃ መሸከሚያ ሆነ።

አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ወደ በዓቱ ገቡ። ሁሉንም አስሮ፣ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ምን ያድርጋቸው ዘንድ እንደሚገባ አባቶችን ጠየቀ። ሰዎቹ ያሰራቸው ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እነርሱም ንስሐ ገቡ። የቀድሞ ስሙ ለማስፈራራት ሲያገለግል እንዳልኖረ ሁሉ ለማዳን ዋለ።

በገዳሙ አንድ ወንድም በበደለ ጊዜ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን አስጠሩት። እርሱም የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ፣ በኋላው እያንጠባጠበ መጣ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ቢጠይቁት፣ የገዛ ኃጢአቱ ሳያየው ከኋላው እየፈሰሰ በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። አባቶችም ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ቅስና በተሾመ ጊዜ ካህናቱ ከመቅደስ አስወጥተው በስድብ ፈትነውታል፤ በትዕግሥትም አለፈ። ዘላኖች ገዳሙን በወረሩ ጊዜም፣ ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ የተናገረውን አስታውሶ፣ ሳይሸሽ ተገደለ። ይቅርታን መቀበሉ የቀደመውን በደል እንዳልተፈጸመ አድርጎ እንዲቆጥር አላደረገውም። እንግዲህ የሙሴ መንገድ አራት ነገሮችን ያሳየናል፦ ንስሐ፣ መምህር፣ ትንሽ የሚመስል አገልግሎት፣ ፈተና። ከእነዚህ አንዱ አልተዘለለም።

በጉባኤያችን የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ አጥቢያ፣ የሙያ ሥልጠና የሚያገኙ ወጣቶችን ለመምረጥ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተቀመጥን። የአንዱ ስም ሲነበብ አዳራሹ ዝም አለ። ወጣቱ በመጠጥ ተጎድቶ፣ ዕቃ ሰርቆ ታስሮ የነበረ ነው። ከተፈታ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ያለ ክፍያ ሲያጸዳ ሁሉም ያየዋል። አንድ አባል «የነገውን ማን ያውቃል?» አሉ። እኛም ክርክር እንዳይነሣ ብለን ስሙን ሰርዘን አለፍን። ስሙን ያሰረዘው የምርጫው መስፈርት ሳይሆን ፍርሃታችን ነበር።

ስብሰባው ሊያበቃ ሲል አንድ አረጋዊ ካህን ተነሡ። «ልጆቼ፣ የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖና ማለቂያ አለው፤ የእናንተ ቀኖና መቼ ያልቃል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ስሙን መለስነው። መሣሪያውን እንደ ሌሎቹ በፊርማ ተረከበ፤ አንድ አባልም በየሳምንቱ እንዲጎበኘው ተመደበ። ሥልጠናውን ፈጸመ። በሚቀጥለው ዙር ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሌላ ወጣት በመጣ ጊዜ፣ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ችግሩን ያወቀለትና አጠገቡ የተቀመጠው እርሱ ነው።

ይቅርታና ጥንቃቄ

ይህ ማለት ጥንቃቄ ይቅር ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብና ንብረት በደረሰኝና በመዝገብ መያዙ፣ ወጪም ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች ፊርማ መፈጸሙ ለወደቀው ብቻ የተሠራ አጥር አይደለም፤ ሁላችንም የምናፈስ እንስራ ስለ ሆንን ነው። ሥርዓቱ በሁሉም ላይ እኩል ሲሠራ ማንንም አያሳፍርም። ደግሞም ንስሐ ለሁሉም ሥራ የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም፤ ሕፃናትን የበደለ ሰው የንስሐ በር ቢከፈትለትም ሕፃናት ባሉበት አገልግሎት አይመደብም። ተጎጂዎችን መጠበቅም ፍቅር ነው።

ለጉባኤ ውይይት

1. በአጥቢያችን በቀደመ ስሙ ምክንያት ብቻ ከአገልግሎት ወይም ከልማት ሥራ የቀረ ሰው አለን? ስሙን ያሰረዘው መስፈርት ነው ወይስ ፍርሃት?
2. ንስሐ ገብቶ ለሚመለስ ሰው በርናባስ የሚሆነው ከመካከላችን ማን ነው?
3. በቅድሚያ የምንሰጠው አገልግሎት ምንድን ነው? ማንስ ይከታተለዋል?

የሙሴን እንስራ ያላሳፈረ አምላክ የእኛንም አይጣለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።