የፀሐይ ማሞቂያ ላለው መዋኛ ገንዳ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ባለፈው በጋ ቢሾፍቱ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ከፓነሎቹ ወደ ገንዳው የሚወርደውን ቧንቧ በእጄ ጨበጥሁት። «ጋሼ፣ አዩት? ለብ ብሎ ነው እኮ የሚመለሰው፤ ፓምፑ ደክሟል» አለኝ ገንዳውን የሚንከባከበው ልጅ። ባለቤትየዋም በዚሁ ተነሥተው የትልቅ ፓምፕ ዋጋ ማጠያየቅ ጀምረዋል። ቴርሞሜትር አምጥተን ለካን፤ ወደ ጣሪያው የሚወጣው ውኃ 24 ዲግሪ ነው፣ የሚመለሰው ከ26 ትንሽ አለፍ ይላል። ፓምፑ ምንም አልሆነም። የገንዳ ማሞቂያ መሥራት ያለበት እንዲህ ነው።

ሶላር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጣሪያ ላይ በርሜል ተሸክሞ የሚያቃጥል የሻወር ውኃ የሚሰጠውን ነው። የገንዳው ከዚያ ይለያል። መስታወት የሌለው፣ ውኃ በውስጡ የሚያልፍበት ጥቁር የፕላስቲክ ፓነል ነው። ፓነሉ በጋለ ቁጥር ያገኘውን ሙቀት ለነፋስ ይመልሳል፤ ስለዚህ ብዙ ውኃ ቶሎ ቶሎ እያለፈ፣ በእያንዳንዱ ዙር 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ እየጨመረ ቢመለስ ገንዳው የሚያገኘው ሙቀት ይበልጣል። የሚፋጅ ውኃ ከተመለሰ ፓነሉ ውኃ እያነሰው ነው ማለት ነው።

ቁጥሩን አስቀድመው ያውጡ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው ገንዳዎን ይለኩ። 10 በ5 ሜትር የሆነና አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 75 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። የፓነሉ ስፋት ከገንዳው ወለል ግማሽ እስከ ሙሉው ይደርሳል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ ለሚበርድበት ቦታ ወደ ሙሉው መጠጋት ይሻላል፤ 40 ካሬ ሜትር እንበል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በደቂቃ 4 ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋል። ይህ በሰዓት ወደ 10 ሜትር ኩብ ይመጣል።

አሁን ማጣሪያውን ያስቡ። የገንዳው ውኃ በሙሉ በ8 ሰዓት አንድ ጊዜ በማጣሪያው እንዲያልፍ ከተፈለገ በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ተኩል አካባቢ ይበቃል። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው ገንዳ የሚያስፈልገው አንድ ፓምፕ ነው፤ የሚያጣራውም ጣሪያ ላይ የሚያዞረውም እሱው።

ሙቀቱንም አብረው ያስሉት። ያንን 75 ሜትር ኩብ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 87 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በጠራ የበጋ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል፤ ከዚያ ግማሹ ወይም ትንሽ የሚበልጠው ውኃው ውስጥ ቢገባ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ነው ትርፉ። ይህን ቁጥር የሚያሳድገው የፓነሉ ስፋት ነው። የፓምፕ ጉልበት ቢጨምሩበት የሚያድገው የመብራት ሂሳብዎ ነው።

ጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያው ከፓምፑ 6 ወይም 7 ሜትር ከፍ ቢል ፓምፑ ያንን ከፍታ ማሸነፍ ያለበት ሲነሣ፣ ቧንቧውን እስኪሞላ ነው። ከሞላ በኋላ የሚወርደው ውኃ የሚወጣውን ይስበዋል፤ ያኔ ለፓምፑ የሚቀርለት የማጣሪያው፣ የቧንቧውና የፓነሉ ሰበቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመነሻው የሚበቃ ግፊት ይኑረው፣ ከተነሣ በኋላ ግን በዝግታ ይሩጥ።

ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ፓምፕ ዋጋው የሚወደደው ለዚህ ነው፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንሱት የሚያነሣው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኃይል ግን በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እጥፍ ሰዓት ቢሠራ እንኳ ያንኑ ውኃ በሩብ ኃይል አንቀሳቀሰ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2021 የፓምፕ ኃይል ቁጠባ ደንብ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ከአነስተኛዎቹ በስተቀር መሬት ውስጥ ለተሠራ ገንዳ የሚሸጠው አዲስ ፓምፕ በአብዛኛው ይኸው ዓይነት ሆኗል።

ፍጥነቱን ሲቀንሱ ግን ገደብ አለው። ጣሪያው ላይ ፓምፑ ሲቆም አየር እያስገባ የፓነሎቹ ውኃ እንዲወርድ የሚያደርግ ትንሽ ቫልቭ ይገጠማል። ግፊቱ ከልክ በላይ ከወረደ ይህ ቫልቭ ፓምፑ እየሠራም ይከፈታል። ያኔ ገንዳው ውስጥ አረፋ ሲንቆረቆር ያያሉ። አረፋው እስኪጠፋ ፍጥነቱን ትንሽ ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ የቀን ፍጥነትዎ ያ ነው።

ፓነሎቹ ከገንዳው በጣም ከራቁ ወይም ሕንፃው ከፍ ያለ ከሆነ ሁለተኛ አጋዥ ፓምፕ ሊያስፈልግ ይችላል። ከማጣሪያው በኋላ ይገጠም፤ ዋናው ካልተነሣ እሱም እንዳይነሣ ሆኖ ይያያዝ። ውኃ ሳያገኝ ከሠራ ይቃጠላል።

ቧንቧ ላይ አይቆጥቡ

በሰዓት 10 ሜትር ኩብ በ50 ሚሊሜትር ቧንቧ ውስጥ ተመችቶት ይሄዳል። በ40 ሚሊሜትር ቢያሳልፉት ሰበቃው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቀጭን ቧንቧ አስገጥሞ ጉልበት ያለው ፓምፕ መግዛት ዕድሜ ልክ በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ከውጭ የመጣ ከሆነ

ዘመድ ከአሜሪካ ፓምፕ ሊልክልዎ ቢል ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አስነሥተው ይዩ። እዚያ መብራቱ 60 ሄርዝ ነው፣ እኛ ጋ 50። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። 60 ብቻ የተጻፈበት ተራ ሞተር እዚህ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ 15 ሜትር ያነሣ የነበረው ከ10 ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ ሞተሩም ይግላል። «50/60» የሚል ካለበት ይምጣ።

ከፍታችንም ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ተራ ሞተሮች የሚሠሩት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ታስበው ነው፤ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም። ፓምፕ ከታች ወደ ላይ ውኃ የመሳብ አቅሙም ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ በስሌት 10 ሜትር የሆነው ወሰን አዲስ አበባ ላይ ከ8 በታች ነው። ስለዚህ ፓምፑን ገንዳው አጠገብ፣ ቢቻል ከውኃው ወለል ዝቅ አድርገው፣ ጥላና ንፋስ ባለበት ያስቀምጡት።

አብረው የሚገዙት

ሁለት ሴንሰር ያለው ኮንትሮለር፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ሌላው ገንዳው ቧንቧ ላይ። ጣሪያው ከገንዳው ሲሞቅ ብቻ ውኃውን ወደ ላይ የሚመራ ባለ ሞተር ቫልቭ። ፓምፑ ሲቆም የጣሪያው ውኃ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ይዞ እንዳይመለስ ቼክ ቫልቭ። ክሎሪን የሚጨምረው ዕቃ ከሁሉም በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ይሁን።

መብራት ቢጠፋስ? ፕላስቲኩ ፓነል ውኃው ወርዶለት ባዶውን ፀሐይ ይመታዋል እንጂ አይጎዳም። ጠፍቶ መምጣቱ የሚደጋገምበት ሰፈር ከሆኑ በፀሐይ ኃይል በቀጥታ የሚሠራ ፓምፕም አለ፤ ባትሪ ሳያስፈልገው ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል። ማሞቂያውም የሚፈልገው ያንኑ ሰዓት ነው።

ወደ ቢሾፍቱዋ ባለቤት ልመለስ። ቀን የተገኘውን 1 ዲግሪ ሌሊቱ ይወስደው ነበር። ገንዳ ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው በትነት ነው፤ የእሳቸው ገንዳ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ክፍቱን ያድራል። ለፓምፕ ያሰቡትን ገንዘብ ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ሽፋን ገዙበት፣ ልጁም ማታ ማታ መዘርጋቱን ለመደው።

የእርስዎም ፓምፕ ተገጥሞ ሲያልቅ፣ ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ የግፊት ጌጁ የሚያሳየውን ቁጥር ወዲያው በማርከር ማጣሪያው ላይ ይጻፉት። ቁጥሩ ከዚያ በግማሽ ባር ከፍ ባለ ቀን ማጣሪያውን ይጠቡት።